ሎቲ ፈልጊ ያላት አልነበረም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ጅማ ውስጥ አነስተኛ ቡና ማበጠሪያ አለኝ። በሥራ ወቅት ሴቶች ቀጥሬ አስለቅማለሁ። ሰሞኑን የወንድሜ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ «ሥዕል የሚፈጥሩት ኤአይዎች እኮ ጥሩውን ቡና ብቻ አይተው መጥፎውን ይለያሉ» አለኝ። ሥዕል መሳልና ቡና መልቀም ምን አገናኛቸው? መጥፎውን ሳያይስ በምን ያውቀዋል? ልጁ ወሬ አምጥቶ ነው ወይስ ለቃሚ ልቀንስ?
ከጅማ፣ በአጋሮ መውጫ

መልስ፦ ልጁ ወሬ አላመጣም፣ እውነቱን ነው። ለቃሚ ስለመቀነሱ ግን ትንሽ ይታገሱኝ፣ እደርስበታለሁ።

እኔ የቡና ለቃሚ ልጅ ነኝ። እናቴ እዚሁ ጅማ፣ መጋዘን ውስጥ ቡና እየለቀመች ነው ያሳደገችን። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ረጅም ጠረጴዛ አለ። ግራና ቀኝ ሴቶች ተደርድረዋል። ሻሻቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው አስረዋል፤ አቧራው አያድርስ ነው። ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበላውን፣ የተሰበረውን፣ ጀንፈሉን፣ ጠጠሩን ያወጣሉ። ወሬያቸው አይቋረጥም፣ እጃቸውም አይቋረጥም። አንድ ቀን የእናቴ እጅ ድንገት ቆመ። ከቡናው መሃል አንዲት ሎቲ ብድግ አደረገች። ትንሽ፣ ቢጫ፣ መንጠቆዋ የተጣመመ። «የማን ናት?» ብላ ጠረጴዛውን ዞረች። ባለቤት ጠፋ። ከማን ጆሮ፣ በየትኛው የቡና ማስጫ አልጋ ላይ ወድቃ እኛ ዘንድ እንደደረሰች ፈጣሪ ይወቀው።

እናቴን ሎቲ ፈልጊ ያላት አልነበረም። ከእንከኖቹ ዝርዝር ውስጥም ሎቲ የሚባል የለም። ጥሩ ቡና በዓይኗ ስር በቀን ስንት ሺህ ጊዜ ስለሚያልፍ፣ ቡና ያልሆነ ነገር ዓይኗን ይወጋታል። በቃ። የወንድምዎ ልጅ የነገረዎት ማሽንም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው።

የተለመደው መንገድ ሌላ ነው። ለኮምፒውተሩ የጥቁር ቡና ፎቶ፣ የነቀዘ ቡና ፎቶ፣ የጠጠር ፎቶ በሺህ በሺህ ይሰጡታል፤ በየስማቸው ይማራል። ጥቁር ቡና ሞልቷል፣ ፎቶው አይጠፋም። የሎቲ ፎቶ ግን ከየት ይመጣል? የሸሚዝ ቁልፍስ? የጠርሙስ ስባሪስ? ነገ ጆንያው ውስጥ ምን እንደሚገባ ማን ያውቃል? ብርቅ ነገር ላይ ችግሩ ይሄው ነው፤ ለማስተማሪያ የሚበቃ ፎቶ ቢኖረውማ ብርቅ ባልተባለ። ስለዚህ ነገሩን ገለበጡት። መጥፎውን ትተው ጥሩውን ብቻ ያስተምሩታል።

ሥዕሉ የገባው እዚህ ጋ ነው። የጅማን በርጩማ ያውቃሉ፣ ባለሦስት እግሩን። ዕድሜ ልኩን ይህን በርጩማ ብቻ የጠረበ ሰው አለ እንበል። ደውለው፣ በሠላሳ ቃል ብቻ፣ አንድ መቀመጫ ያዙታል። በርጩማ ካዘዙት ቁርጥ ያሉትን ያመጣል። ሠላሳ ቃል ይበቃዋል፣ ቀሪውን እጁ ያውቀዋል። መደገፊያ ያለው ወንበር ቢያዙትስ? ያው በርጩማ ይዞ ይመጣል። እጁ ሌላ አያውቅማ! ያዘዙትንና ያመጣውን ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ የሚተርፈው መደገፊያው ነው። ባዕዱን ነገር አገኙት ማለት ነው።

አውቶኢንኮደር የሚባለው ኒውራል ኔትወርክ (ከምሳሌ የሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው) እንዲህ ያለ ጠራቢ ነው። የአንዲት ፍሬ ፎቶ 64 በ64 ነጥብ ቢሆን 4,096 ቁጥር ይሆናል። ኔትወርኩ ይህን ሁሉ ለምሳሌ ወደ 32 ቁጥር ይጨምቀዋል። ከዚያ ከ32ቱ ተነስቶ ፎቶውን መልሶ ይስለዋል። በጥሩ ቡና ብቻ ስለሠለጠነ፣ ጥቁር ፍሬ ቢያሳዩትም የሚስልልዎት ጥሩ ፍሬ ነው። ከዚያ ዋናው ፎቶና የሱ ሥዕል ይቀናነሳሉ። ጥሩ ፍሬ ላይ ልዩነቱ ባዶ ነው፣ ጨለማ። ነቀዝ የበሳት ፍሬ ላይ ግን ቀዳዳዋ ብቻ ቦግ ትላለች። ይህን የመጀመሪያ ቀን ሳይ፣ ሥራዬን ትቼ ብቻዬን እንደ ልጅ ሳቅሁ።

ልጁ ጋን የሚል ቃልም ጣል ሊያደርግ ይችላል። የጠላውን ጋን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ኢያን ጉድፌሎውና ባልደረቦቹ ያወጡት ዘዴ ነው። ሁለት ኔትወርኮች ይፋጠጣሉ። አንዱ የውሸት ቡና ይስላል፣ ሌላው «ይቺ እውነተኛ፣ ይቺ ውሸት» እያለ ያጋልጠዋል። እየተጋለጠ ሰዓሊው ይካናል። ዲፊውዥን የሚሉትም አለ። እሱ ፎቶውን ጣቢያ እንደጠፋበት ቴሌቪዥን በነጠብጣብ ይሸፍነውና እየጠረገ መልሶ ያወጣዋል። ጥቁሯን ፍሬ ሸፍኖ ሲጠርግ ንጹህ አድርጎ ያመጣታል። ለእርስዎ መጋዘን የሦስቱም ሐሳብ አንድ ነው፤ ከጥሩ ቡና ሌላ መሳል የማያውቅ እጅ።

ይህን ሁሉ በወሬ አልነግርዎትም። አምና ክረምት እቤቴ ሞክሬዋለሁ። ከሄርማታ ገበያ ደማቅ ሰማያዊ የፕላስቲክ ትሪ ገዛሁ። ነጭ ላይ ፈዛዛው ፍሬ ይጠፋል፣ ጥቁር ላይ ጥቁሩ። ስልኬን በሁለት የመጽሐፍ ቁልል መሃል አጋድሜ፣ ካሜራውን ወደ ትሪው አዞርኩ። ሁለት ኪሎ የተለቀመ፣ ያልታጠበ ቡና አመጣሁ። ሁለት ኪሎ ሲሉት ቀላል ይመስላል፤ 13,000 ገደማ ፍሬ ነው።

እናቴ መጣች። ትሪውን አየች። «ይሄ ነው ንጹህ ያልሽው?» ቁጭ አለች። ቡናዬ ሳይፈላ እፍኝ የነቀዘ አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ፣ እኔ ጭራሽ ያላየሁት። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልዎት። የነቀዘው ከጥሩው ጋር ተደባልቆ ቢማር፣ ማሽኑ ቀዳዳ መሳልም ይለምዳል። ከዚያ ወዲያ የነቀዘ ሲያይ ዝም ነው። ማሽኑ ጥሩ ብለው ያሳዩትን ሁሉ ያምናል፤ ስለዚህ ትሪው ላይ የሚቀመጠውን የሚመርጠው ሰው ከፕሮግራመሩ ይበልጣል።

ሁለተኛው ጉድ የመጣው ከራሴ ነው። ማሽኑ ጥሩውን ቡና በግማሽ ይጠረጥራል። ሁለት ቀን ኮዱን ስፈትሽ ከረምኩ። ለካስ ፍሬዎቹን ሳስተካክል አብዛኛው በጀርባው ነው የወደቀው። ጠፍጣፋውን ፊት፣ መሃሉ ላይ ስንጥቅ ያለበትን፣ ብዙም አላየም። ስንጥቋን እንደ እንከን ቆጠራት። ትሪውን አራግፌ፣ ደግሜ ደጋግሜ አነሳሁ።

ሦስተኛው ዝናቡ ነው። የጅማን ክረምት ያውቁታል። ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲጭን ቤቱ ጭልም ይላል፤ ማሽኑም ትሪውን በሙሉ «እንግዳ» አለው። መጋረጃ ዘግቼ በአንድ አምፖል ብቻ ሳነሳ ተረጋጋ። ጋን በጠጠር ይደገፋል የሚሉት ለዚህኛው ጋንም ይሠራል። ትሪ፣ አምፖል፣ የተወለወለ ሌንስ ጠጠሮቹ ናቸው።

አንዴ ደግሞ ጎበዝ ልሁን ብዬ ያንን 32 ቁጥር ወደ 512 አሳደግኩት። ሥዕሉ አማረ። ነገር ግን ጥቁሩንም ፍሬ አሳምሮ መሳል ጀመረ፣ ልዩነቱም ባዶ ሆነ። ጠራቢው ብዙ ቃል ሲሰጡት ወንበርም ይጠርባል ማለት ነው። ጠባብ ጉሮሮው ነው ሥራውን የሚሠራው።

ከሁሉም ያስደነቀችኝ ድቡልቡሏ ናት። መቼም ያውቋታል፤ ቡና እሸት ውስጥ ሁለት ፍሬ ሆኖ ፊት ለፊት ይተኛል፣ አንዳንዴ ግን አንዷ ብቻዋን አድጋ ትደበለበላለች። ማሽኑ እሷን ባየ ቁጥር ይጮኻል። ድቡልቡሏ ግን ምንም እንከን የለባትም፤ እንዲያውም ለብቻዋ ለቅመው በተሻለ ዋጋ የሚሸጧት አሉ። ማሽኑ የሚናገረው «ይህን አልለመድኩም» የሚለውን ብቻ ነው። መጥፎ ይሁን ጥሩ የሚያውቅለት ሰው አጠገቡ ያስፈልገዋል። የሌላ አካባቢ ቡና ሲመጣም ያው ነው። ሲቢዲ የሚሉት የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ከገባ በኋላ፣ መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች አወጣ። 74110 እና 74112ን ገበሬው በቁጥራቸው ይጠራቸዋል፤ 74 የተመረጡበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974 ነው። የፍሬያቸው መጠንና ቅርጽ ከሌላው ሊለይ ይችላል። በአንዱ አካባቢ ቡና የሠለጠነ ማሽን የሌላውን ጆንያ በሙሉ ቢጠረጥር አይግረምዎት። በየዓይነቱ ማስተማር ነው።

ማሽኑ ፈጽሞ የማያየውም አለ። እናቴ አንዲት ፍሬ በጥፍሯ ጫር አድርጋ ታሸታለች። ውስጧ የበሰበሰ ከሆነች ሽታዋ ያስነጥሳል፤ ከላይ ግን እንደ ማንኛዋም ቡና ናት። አንዲቷ ስኒውን ሁሉ ታበላሻለች። እንዲህ ያሉት ብዙ ጊዜ በአልትራቫዮሌት መብራት ስር ስለሚያበሩ የሚለዩባቸው መሣሪያዎች አሉ። የስልክ ካሜራ ግን አፍንጫ የለውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። አንዲት ደረቅ ፍሬ 0.15 ግራም ትመዝናለች ብንል፣ የ60 ኪሎ ጆንያ 400,000 ፍሬ ይይዛል። ከሺህ አንዷ መጥፎ ናት እንበል፤ 400 መጥፎ አለ። ማሽኑም እጅግ ጎበዝ ይሁን። ከመቶ መጥፎ 99ኙን ይያዝ፣ ከመቶ ጥሩ ደግሞ በስህተት አንዷን ብቻ ይጠርጥር። 396 መጥፎ ያዘ። ከ399,600 ጥሩ ፍሬም 3,996 ጠረጠረ። ድምሩ 4,392 ነው። ከተጠረጠሩት መቶ ፍሬዎች እውነተኛ መጥፎዎቹ ዘጠኝ ብቻ ናቸው!

በዚህ ቁጥር ሰው ይናደዳል። «99 ከመቶ ብለውኝ ዘጠኝ ከመቶ ሰጡኝ» ይላል። ስህተቱ የማሽኑ አይደለም፤ ብርቅ ነገር ሲፈለግ ሒሳቡ ሁሌም እንዲህ ይወጣል። እርስዎ ግን በሌላ ዓይን ይዩት። እነዚያ 4,392 ፍሬዎች ቢመዘኑ 660 ግራም አይሞሉም። አንዲት ሴት 60 ኪሎ በምታይበት ፈንታ አንድ ሰፌድ የማይሞላ ታያለች። ድቡልቡሏን መልሳ ትጥላለች፣ ሎቲዋን ታወጣለች፣ ጨረሰች። ያለ ሰው የተጠረጠረውን ሁሉ በንፋስ ገፍትሮ እንዲጥል ከፈቀዱለት ግን ከየጆንያው 600 ግራም ያህል ጥሩ ቡና ወደ ቆሻሻ ሄደ። በጆንያዎ ብዛት ያባዙት።

«ከዚህ በላይ የተለየ እንግዳ ነው» የሚባልበትን መስመር የሚያሰምሩትም እርስዎ ነዎት። ስፔሻሊቲ በሚባለው የምርጥ ቡና የዓለም ገበያ ለዓመታት የተሠራበት መለኪያ በ350 ግራም ጥሬ ቡና ውስጥ ከዋናዎቹ እንከኖች አንድም አይፈቅድም፤ ከቀላሎቹም ከአምስት ሙሉ እንከን በላይ አይቀበልም። 350 ግራም ማለት 2,300 ገደማ ፍሬ ነው። ለዚያ ገበያ መስመሩን ያጥብቁ፣ ብዙ ይጠርጠር፣ ሰፌዱ ይሙላ። ለአገር ውስጥ ገበያ ከሆነ ያላሉት። ይህን ውሳኔ ለሶፍትዌር ሻጭ አይስጡ፤ ሻጩ የእርስዎን ዋጋ አያውቅም።

ጥቁር ፍሬ ብቻ ከሆነ ያስቸገረዎት ደግሞ ይህ ሁሉ አያስፈልግዎትም። ቀለም አይቶ በአየር የሚገፋ መለያ ማሽን ድሮም አለ። ሥዕል የሚስለው ኔትወርክ ጥቅሙ ማንም ስሙን ላልጠራው ነገር ነው።

ስለ ለቃሚዎቹ ከጠየቁኝ፣ ማንንም አልቀንስም። ጎበዟን ለቃሚ ከጠረጴዛው አንስቼ ማሠልጠኛ ትሪው ላይ አስቀምጣትና ደመወዟን እጨምርላታለሁ። ያዳላሁ ከመሰለዎት፣ አዎ፣ የእናቴ ልጅ ነኝ።

ጥያቄ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ወባ ለማየት የደም ስላይድ ስናነብ አልፎ አልፎ የግርሻ ትኩሳት ጀርም ያጋጥመናል። የሰበሰብኩት ፎቶ በጣት የሚቆጠር ነው። ጓደኛዬ «በጋን አባዛውና ኮምፒውተር አሠልጥንበት» ይለኛል። ያዋጣል?
ከጅማ

መልስ፦ በጥንቃቄ። ሃያ ፎቶ አይቶ ሁለት ሺህ ቢስልልዎት፣ ዕውቀቱ የሃያው ነው። ወጥን በውሃ እንደማብዛት ነው፤ ድስቱ ይሞላል፣ ሥጋው ያው ነው። ያቺ ጠምዛዛ ጀርም በእርስዎ ሃያ ፎቶዎች ውስጥ ባልታየ አኳኋን ከተጠመዘዘች፣ ጋኑ ከየት አምጥቶ ይስላታል? ለማሠልጠኛ ትንሽ ሊረዳ ይችላል። ለመፈተኛ ግን የተፈጠረ ፎቶ በፍጹም አይጠቀሙ፤ ፈተናው በእውነተኛ ስላይድ ብቻ ይሁን። የአንድ ታካሚ ስላይድ ግማሹ ማሠልጠኛ፣ ግማሹ መፈተኛ ውስጥ እንዳይገባም ይጠበቅ። ያን ጊዜ ማሽኑ በሽታውን ትቶ የዚያን ቀን ቀለም ይሸመድድና ውጤቱ በውሸት ያምራል።

ከላይ ለቡናው ባለቤት የነገርኳቸው መንገድ ለእርስዎም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ቪየና ያሉ ተመራማሪዎች ጋንን በጤነኛ የዓይን ሬቲና ምስል ብቻ አሠልጥነው፣ የታመመውን ቦታ እንዲጠቁም አድርገዋል። ስሙን አኖጋን አሉት። የደም ስላይድ ላይ ግን «ጤነኛው» ራሱ ያስቸግራል። የረጋ የጊምሳ ቀለም አለ፣ ፕላትሌት አለ፣ የመስታወት ጭረት አለ። ማሽኑ እነዚህን ሁሉ በመጠርጠር ቀኑን ያመሻል። ስለዚህ ቆሻሻ ያለባቸውን ጤነኛ ስላይዶችም አብረው ያስተምሩት። ቀለሙን የሚቀባው ሰው ሲቀየር እንኳ ሥዕሉ ይቀየራል፤ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

አንድ ነገር አደራ። ማሽኑ መልሶ የሳለውን ምስል አይተው ውጤት አይጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሥራ እንዳሳየው፣ አንዱን ዓይነት የአንጎል ኤምአርአይ ወደ ሌላ ዓይነት የሚቀይር ኔትወርክ፣ ጤነኛ ብቻ አይቶ ሲሠለጥን ዕጢውን ከምስሉ አጠፋው። ዕጢ ብቻ አይቶ ሲሠለጥን ደግሞ በሌለበት ሳለ። ሰዓሊ ነውና የለመደውን ይስላል። ለእኛ የሚጠቅመን ሥዕሉ ያልገጠመበት ቦታ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ማይክሮስኮፑን እርስዎ ራስዎ ያዞራሉ።

የቡናው ሒሳብ እዚህም ይከተለናል፣ ዋጋው ግን ሌላ ነው። በስህተት የተጠረጠረች ፍሬ ሰፌድ ላይ ትወድቃለች። በስህተት የተጠረጠረ ሰው ይደነግጣል፣ የማይገባውን መድኃኒት ይወስዳል። በትክክል የተያዘውም ቢሆን ክትትል ይፈልጋል፤ የግርሻ ታካሚ ፀረ ተሕዋስያን ሲጀምር ብርቱ ብርድ ብርድና ትኩሳት ሊነሳበት እንደሚችል ያውቃሉ። «ማሽኑ አለ» ተብሎ የሚጻፍ ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ሰላም እታለም። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። መጥፎ ቡና ከፎቶ በሚለይ ኤአይ ላይ ፕሮጀክት ልሠራ አስቤያለሁ። ላፕቶፔ ጂፒዩ (ሥልጠናውን የሚያፋጥነው ቺፕ) የለውም፣ መብራትም ይጠፋል። በጋን ልጀምር? ምን ልግዛ?
ከኪቶ ፉርዲሳ

መልስ፦ በጋን አትጀምሪ። ጋን ሲሠለጥን ይነጫነጫል። ሰዓሊው ተቆጣጣሪውን የሚያታልልበት አንድ ፍሬ ካገኘ እሱኑ ብቻ ደጋግሞ ይስልልሻል፣ አንቺ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ታፈጪበታለሽ። በትንሽ አውቶኢንኮደር ጀምሪ። ፎቶው 64 በ64፣ ያለ ቀለም ከሆነ ያንቺው ላፕቶፕ ይችለዋል። ከከበደው በኢንተርኔት ኮምፒውተር የሚያውሰው ጉግል ኮላብ በነፃ አለ። በየዙሩ ሴቭ አድርጊ። ይህን የምልሽ መብራት ሄዶ የስምንት ሰዓት ሥልጠና አመድ ስለሆነብኝ ነው።

ቡናሽን ከማንሳትሽ በፊት እጅሽን የምታፍታቺበት ከፈለግሽ፣ ኤምቪቴክ ኤዲ የሚባል የፎቶ ስብስብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ነው፤ 15 ዓይነት ዕቃ፣ 5,354 ፎቶ። ማሠልጠኛው ደህናውን ብቻ ነው የያዘው። ሄዝልነት የሚባል የለውዝ ዘር ስላለበት ለቡና የሚቀርበው እሱ ነው። ለንግድ ግን አልተፈቀደም።

አማካሪሽ ሳይጠይቁሽ አልቀሩም ብዬ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ውጤትሽን «ይህን ያህል ከመቶ ትክክል» ብለሽ አታቅርቢ። ከሺህ አንዷ መጥፎ በሆነችበት «ሁሉም ጥሩ ነው» የሚል ደደብ ፕሮግራም 99.9 ከመቶ ትክክል ነው። ከመጥፎዎቹ ስንቱን ያዘ፣ ስንቱን ጥሩ በከንቱ ጠረጠረ፣ ለየብቻ አሳዪ። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ኔትወርኮች ምስሉ ምን ያህል የለመዱት ዓይነት እንደሆነ በቁጥር ይሰጣሉ። በሱ ብቻ አትመኚ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት አለ። ኔትወርኮቹ የሠለጠኑት በእንስሳትና በመኪና ፎቶ ነው፤ ጭራሽ አይተውት ለማያውቁት የቤት ቁጥር ፎቶ የበለጠ «ለመድኩት» ሰጥተዋል። እውነቱን ንገሪኝ ካልሽ፣ በነዚያ የኤምቪቴክ የዕቃ ፎቶዎች ላይ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ምንም ሳይስሉ፣ ቀድሞ በሌላ ፎቶ የሠለጠነ ኔትወርክ የሚያየውን ምልክት ብቻ የሚያነጻጽሩ ዘዴዎች ሥዕለኞቹን በልጠዋል። ፓችኮር አንዱ ነው። ሁለቱንም ሞክሪና ጎን ለጎን አስቀምጪ፤ ለፕሮጀክት ከዚህ የተሻለ ምዕራፍ አታገኚም።

ምን ልግዛ ላልሽው፦ አንድ አምፖል፣ አንድ ኪሎ ቡና፣ አንድ ትሪ። ቡናውን ቡና የሚለቅም ሰው ያይልሽ። ትሪው ሰማያዊ ይሁን።